ስሙ ያልታወቀው ባለ አንጸባራቂ ቅጠል ተክል፦ ማንነቱ፣ ሕመሙና አያያዙ

ውድ ጠያቂ፣

ወደ አዲሱ ቤትዎ ሲገቡ የቀድሞው ነዋሪ ትቶት የሄደ አንድ ተክል እንዳገኙ፣ ከአፈሩ ቀጥ ብለው የሚወጡ ወፋፍራም አረንጓዴ ዘንጎች እንዳሉትና በየዘንጉ ግራና ቀኝ የሚያብለጨልጩ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠሎች እንደተደረደሩበት ጽፈዋል። በየሦስት ቀኑ ውኃ ሲያጠጡት ቆይተው አራት ዘንጎች ከታች ጀምረው ቢጫ እየሆኑ መጥተዋል፤ አንደኛው ገና ሲነካ ተመዝዞ የወጣ ሲሆን ግርጌውም የላመና የሚሸት ነበር። አፈሩን ጫር ሲያደርጉ ድንች የሚመስሉ ቡናማ እብጠቶች አግኝተው በሽታ እንዳይሆኑ ሰግተዋል። ፎቶ አንስተው የፈተሹበት የስልክ መተግበሪያ አንድ ጊዜ ዘንባባ፣ ሌላ ጊዜ ፈርን (አበባ የማያወጣ ቅጠላማ ተክል) ነው ብሎዎታል፤ ጎረቤትዎ ደግሞ ካንሰር ስለሚያመጣ ይጣል ብለዋል። ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚያስገባ ሕፃን በቤት ውስጥ እያለ እንዲህ ያለ ቃል መስማት እንቅልፍ እንደሚነሳ ይገባኛል። ተክሉ ምን እንደሆነ፣ ይድን እንደሆነና እንዴት እንደሚያዝ ጠይቀዋል።

ዋናውን መልስ ከፊት ላስቀምጠው። ከገለጻዎ እንደምረዳው ተክልዎ በሳይንሳዊ ስሙ ዛሚዮኩልካስ ዛሚፎሊያ፣ በተለምዶ ዚዚ ተብሎ የሚጠራው የቤት ውስጥ ተክል ነው። ዘንባባም ፈርንም አይደለም። ከአፈሩ ሥር ያገኟቸው እብጠቶች በሽታ ሳይሆኑ ተክሉ ውኃውን የሚያከማችባቸው አካላቱ ናቸው፤ ስለዚህ ጤነኞቹን አይቁረጡ፣ አይጣሉም። ተክሉን እየገደለው ያለው የውኃ ብዛት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ውኃ ማጠጣቱን ያቁሙና ከዚህ በታች የምገልጸውን ምርመራ ያድርጉለት። ካንሰር ያመጣል የተባለው መሠረት የሌለው ወሬ ነው፤ ይሁን እንጂ ሕፃኑ ቅጠሉን እንዳያኝክ መጠበቅ የሚያስፈልግበት ሌላ እውነተኛ ምክንያት ስላለ እሱን ለብቻው አነሣዋለሁ።

ማንነቱን ለይቼ ያወቅሁበትን መንገድ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ይህን ተክል ከሚመስሉት መካከል በመርዛማነቱ በጣም የሚከፋ አንድ ዝርያ ስላለ፣ ወደ ሌላ ነገር ከመሄድዎ በፊት በዓይንዎና በጣትዎ እንዲያረጋግጡ ያስፈልጋል። የስልክ መተግበሪያዎች የሚያነጻጽሩት የፎቶውን አጠቃላይ ገጽታ ነው፤ በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ቅጠሎች ደግሞ ዘንባባም፣ ፈርንም፣ ብዙ ሌሎች ተክሎችም አሏቸው። ተክልን በእርግጠኝነት የሚለየው የአካሉ አሠራር ነው፤ ዘንጉ ከየት ይነሣል፣ ቅጠሉ በምን ይያያዛል፣ አዲሱ ቡቃያ በምን መልክ ይወጣል፣ ከአፈር በታች ምን አለ የሚሉት ጥያቄዎች ከቀለምና ከቁመት ይበልጥ ይናገራሉ። እርስዎም ሳያስቡት የሁሉንም መልስ በጥያቄዎ ውስጥ አስቀምጠውልኛል።

በመጀመሪያ፣ ግንድ የመሰለዎት ወፍራም ዘንግ ግንድ አይደለም። በዚህ ተክል ከአፈር በላይ የሚታይ እውነተኛ ግንድ የለም፤ እያንዳንዱ ዘንግ ከእነ ቅጠሎቹ በአንድነት ሲቆጠር አንድ ሙሉ ቅጠል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ከ6 እስከ 8 ጥንድ የሚሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ከ7 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚደርሱ ንዑስ ቅጠሎችም ይኖሩታል። የዘንጉ ግርጌ ወፈር ብሎ ያበጠ ሲሆን ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል። ይህ ግርጌ በቀጥታ የሚያያዘው ከአፈር በታች ካለው አግድም ግንድ ጋር ነው፤ በዕፅዋት ሳይንስ ራይዞም ይባላል፣ ድንች መስለው የታዩዎት እብጠቶችም እሱ ናቸው። ዘንባባና አብዛኞቹ ፈርኖች እንዲህ ያለ ክብ ውኃ ማከማቻ የላቸውም። መሐል ላይ ብቅ ያለው ሐመር አረንጓዴ ቡቃያ እንደ ጦር ሹል ሆኖ፣ ቅጠሎቹን ጠቅልሎ ይዞ እንደወጣም ጽፈዋል፤ ይህ የዚዚ ተክል ዋነኛ ምልክት ነው። የፈርን ቡቃያ ጫፉ ወደ ውስጥ ተጠምዝዞ ነው የሚወጣው።

አሁን ወደ አሳሳቢው ተመሳሳይ ልምጣ። ዛሚያ ፉርፉራሲያ የሚባል፣ ከሜክሲኮ የመጣና በቤት ውስጥም በግቢም የሚተከል ሌላ ተክል አለ። ዘሩ ሳይካድ ከሚባሉት ጥንታዊ፣ ዘንባባ መሰል ተክሎች ወገን ነው፤ በቅጠሉ አደራደር ምክንያት ሰዎች ከዚዚ ጋር ያምታቱታል። ሳይካዶች ጉበትን የሚጎዳ ብርቱ መርዝ ስላላቸው፣ በተለይ ፍሬያቸውን የቀመሰ ውሻ ሊሞት ይችላል። ልዩነቱ ግን በእጅ ሲነካ ወዲያው ይታወቃል። የዚዚ ቅጠል ልስልስ፣ የሚያንጸባርቅና በጣት ሲታጠፍ የሚለመጥ ሲሆን መሐሉ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ አንድ ግልጽ ደም ሥር አለው። የዛሚያ ቅጠል ግን ደረቅና ግትር ነው፤ ሲዳሰስ ሻካራ ካርቶን የነኩ ያህል ይሰማል፣ ብሩህነት የለውም፣ መሐከለኛ ደም ሥርም አይታይበትም። አዲስ ሲያወጣም ብዙ ቅጠሎችን በአንድ ጊዜ፣ በቡናማ ጸጉር ተሸፍነው ያወጣል። የእርስዎ ተክል የሚያብለጨልጭ መሆኑንና ቡቃያው አንድ ብቻ፣ ለስላሳና ሐመር አረንጓዴ መሆኑን ስለጻፉ ጥርጣሬ ብዙ አይቀረኝም፤ ሆኖም አንድ ቅጠል ገልብጠው መሐከለኛውን ደም ሥር በዓይንዎ ይመልከቱ።

በዚህ መምታታት የሚያፍሩበት ምክንያት የለም። ተክሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ የተመዘገበው በ1829 እ.ኤ.አ. ሲሆን በዚያን ጊዜ ካላዲየም ከሚባል ፈጽሞ የተለየ ቅጠል ካለው ዘር ጋር ነበር የተመደበው፤ የዛሬውን ስሙን ያገኘው በጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ በአዶልፍ ኤንግለር በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። ዝምድናውን በግልጽ የሚያሳየው አበባው ነው። ዚዚ በቤት ውስጥ አልፎ አልፎ ያብባል፤ አበባውም ከአፈሩ አጠገብ በዘንጎቹ መካከል ተደብቆ የሚወጣ፣ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፈዛዛ ዘንግና እሱን የሚያቅፍ አንድ ቅጠል መሰል ሽፋን ነው። ይህ አሠራር የአራሴ ቤተሰብ መታወቂያ ስለሆነ ዚዚ ሞንስቴራ፣ ፊሎዴንድሮንና ፖቶስ ከሚባሉት የቤት ውስጥ ተክሎች ጋር ይዛመዳል። አንድ ቀን ከግርጌው እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣ ቢያዩ በሽታ መስሎዎት እንዳይቆርጡት።

የተክሉ አያያዝ የሚመነጨው ከትውልድ አገሩ ነው። ዚዚ በተፈጥሮ የሚገኘው ከኬንያ ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ሰሜን ምሥራቅ ድረስ ባለው የአፍሪካ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በደረቅ ደንና በድንጋያማ መሬት ላይ ነው። ዝናብ ይዘንባል፣ ከዚያም ለረጅም ጊዜ ይጠፋል። ተክሉ ለዚህ ራሱን ያዘጋጀው በሦስት መንገድ ነው፦ በራይዞሙ ውስጥ ውኃ ያከማቻል፤ ቅጠሎቹና ዘንጎቹ ከክብደታቸው ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ናቸው፤ ድርቅ ሲበረታበት ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በቀን ፋንታ በሌሊት የማስገባት ችሎታ ስላለው በቀኑ ሐሩር የቅጠሉን ቀዳዳዎች ከፍቶ ውኃ እንዳያባክን ይረዳዋል። ድርቁ ከቀጠለም ንዑስ ቅጠሎቹን ያራግፍና ራይዞሙን ይዞ ዝናቡን ይጠብቃል። በቤት ውስጥ ተክልነት በሰፊው መባዛት የጀመረው በኔዘርላንድስ የችግኝ ጣቢያዎች ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሲሆን፣ በአጭር ጊዜ እንዲህ የተስፋፋውም ለሳምንታት ተረስቶ እንኳ መቆየት በመቻሉ ነው።

እንዲህ ላለ አካል በየሦስት ቀኑ የሚመጣ ውኃ ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። ሥር የሚኖረው በውኃ ብቻ አይደለም፤ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ካለው ክፍት ቦታ አየር እየወሰደ መተንፈስ አለበት። አፈሩ ሳይደርቅ በላይ በላዩ ውኃ ሲጨመርበት እነዚያ ክፍት ቦታዎች ይሞላሉ፣ ሥሩ አየር ያጣል፣ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ይሞታሉ። በሞቱት በኩል በእርጥብ አፈር የሚኖሩ የሻጋታ ወገኖችና ባክቴሪያዎች ገብተው ወደ ራይዞሙ ይዘልቃሉ። ሥሩ ስለሞተ ውኃ ወደ ላይ አይሄድም፤ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ቢጫ ይሆናል፤ ባለቤቱም የተጠማ መስሎት ተጨማሪ ውኃ ያፈስሳል። በርካታ የዚዚ ተክሎች የሚሞቱት በዚህ ርኅራኄ በበዛበት አያያዝ ስለሆነ፣ ቢጫ ቅጠል ባዩ ጊዜ እጅዎ ወደ ውኃው ከመሄዱ በፊት የዘንጉን ግርጌ ይጫኑት። ጠንካራ ሆኖ ላይ ላዩ የተሸበሸበ ከሆነ ተክሉ ተጠምቷል ማለት ነው። የላመ፣ የሚሰረጉድ ወይም የሚሸት ከሆነ ግን በውኃ ታንቋል። የእርስዎ ሁለተኛው ነው።

ተክሉ ያለበት ማሰሮ ከታች ቀዳዳ እንደሌለውም ጽፈዋል፤ ይህ ነገሩን አባብሶታል። አንዳንዶች ከሥሩ ጠጠር በማድረግ ችግሩ የሚፈታ ይመስላቸዋል፤ አይፈታም። ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ ስለማይወርድ ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ቆሞ ይቀራል፤ ጠጠሩ የሚያደርገው ያንን እርጥብ ክፍል ወደ ሥሮቹ ማቅረብ ብቻ ነው። የሚያስፈልገው ቀዳዳ ነው። ያለዎት ማሰሮ የሚያምርና ሊጥሉት የማይፈልጉት ከሆነ፣ ተክሉን ቀዳዳ ባለው ተራ ፕላስቲክ ማሰሮ ተክለው በእሱ ውስጥ ያስቀምጡት፣ ሲያጠጡም አውጥተው ያጠጡት።

ወደ ማዳኑ ሥራ ልግባ። የተክሉ ጭማቂ የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ ስለሚያሳክክ ጓንት ያድርጉ፤ ሕፃኑም በሌላ ክፍል ይሁን። ማሰሮውን በጎኑ አጋድመው ተክሉን ከእነ አፈሩ በቀስታ ያውጡት፤ ዘንጎቹን ይዘው አይጎትቱ፣ ምክንያቱም ግርጌያቸው ከራይዞሙ ላይ በቀላሉ ይገነጠላል። ካልወጣልዎት የማሰሮውን ዙሪያ መታ መታ ያድርጉ፤ ፕላስቲክ ከሆነም ይጨምቁት ወይም ይቅደዱት። ከዚያ እርጥቡን አፈር በሙሉ በጣትዎ አራግፈው ይጣሉ፤ ያንን አፈር መልሰው አይጠቀሙበት።

አሁን ራይዞሞቹን አንድ በአንድ ይዳስሱ። ጤነኛው ጠንካራ ነው፣ ከውጭ ቡናማ ይሁን እንጂ በትንሹ ሲቆረጥ ውስጡ ነጣ ያለ ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላ ይሆናል፣ መጥፎ ሽታም የለውም። የበሰበሰው ሲጫኑት ይፈርጣል፣ ውስጡ ጠቁሯል ወይም ቡናማ ሆኗል፣ ይሸታል። ስለታም ቢላዋ በ70 በመቶ አልኮል ጠርገው የበሰበሰውን ክፍል በሙሉ ቆርጠው ያስወግዱ፤ ንጹሕ ሥጋ እስኪታይ ድረስ ይቁረጡ፣ በየቁርጡም መሐል ቢላዋውን እንደገና ይጥረጉ። እዚህ ላይ መሳሳት ዋጋ ያስከፍላል፤ የቀረች ትንሽ የበሰበሰች ቁራጭ ሌላውን መልሳ ታበላሻለች። ቢጫ የሆኑት ዘንጎች መልሰው አረንጓዴ አይሆኑም፤ ግርጌያቸው የላመውን ከሥር ያስወግዱ። ግርጌው ገና ጠንካራ የሆነ ዘንግ ካለ ግን ይተዉት፣ ተክሉ የያዘውን ውኃና ምግብ ቀስ በቀስ መልሶ ይጠቀምበታል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ደረጃ ነው። የተቆረጠው ተክል ወዲያው አይተከልም፤ አየር በሚያገኝና ፀሐይ በቀጥታ በማይነካው ቦታ፣ በወረቀት ላይ ተጋድሞ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆይ። ቁስሉ ደርቆ ቅርፊት ሲያበጅ ነው ከአፈሩ የሚመጣውን ብስባሽ መከላከል የሚችለው። ለሌሎች ተክሎች ሥርን ማድረቅ ጉዳት ነው፤ ለዚህ ግን በሆዱ ውኃ ስለያዘ ሁለት ቀን ምንም አይደለም።

አፈሩ ቶሎ የሚያንጠፈጥፍ ይሁን። ለአትክልት የሚዘጋጅ ቀላል አፈር ሁለት እጅ፣ ፐርላይት (ነጭና ቀላል የድንጋይ ፍርፋሪ) ወይም ደቃቅነት የሌለው ሻካራ አሸዋ ወይም ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስብርባሪ አንድ እጅ አድርገው ቢቀላቅሉ ይበቃል። ከግቢ የተዛቀ ከባድ ጭቃማ አፈር ለብቻው አይሆንም። የማሰሮው ስፋት ከተረፉት ራይዞሞች ከሁለት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ ይበቃል፤ ትልቅ ማሰሮ ለተክሉ ምቾት መስሎ ቢታይም፣ ሥር ያልደረሰበት ብዙ አፈር ውኃውን ለሳምንታት ይዞ ስለሚቆይ የተነሣንበትን ችግር መልሶ ያመጣዋል። ራይዞሞቹን ከአፈሩ ላይኛ ገጽ ጥቂት ብቻ ዝቅ አድርገው ይቅበሩ፤ ጫፋቸው ቢታይም አይጎዳም። ከዚያም ለአንድ ሳምንት ያህል ምንም ውኃ አይስጡት።

ከዚያ በኋላ ስለሚኖረው አጠጣጥ ሰዎች የቀን ቁጥር እንድሰጣቸው ይጠይቁኛል፤ መስጠት ግን አልወድም፣ ምክንያቱም አፈሩ የሚደርቅበት ፍጥነት በብርሃኑ፣ በሙቀቱ፣ በማሰሮውና በአፈሩ ዓይነት ይለያያል። ለመነሻ ያህል፣ ብርሃን በሞላበት ሞቅ ያለ ክፍል ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት፣ ጨለም ባለና ቀዝቀዝ ባለ ክፍል አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። የሚታመነው ምርመራው ነው። ቀጭን የእንጨት ዘንግ በማሰሮው ጠርዝ በኩል፣ ራይዞሙን ሳይወጋ፣ እስከ ታች ያስገቡና ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ያውጡት፤ እርጥብ አፈር ይዞ ከወጣ ይታገሡ፣ ደረቅ ከሆነ ያጠጡ። የላይኛው አፈር መድረቅ ብቻውን አያሳምንም፤ ላዩ ደርቆ ታቹ ጭቃ የሆነ ማሰሮ ብዙ ነው። ማሰሮውን አንሥተው ክብደቱን መልመድም ከጊዜ በኋላ ከእንጨቱ የፈጠነ መለኪያ ይሆንልዎታል።

ሲያጠጡ ደግሞ በጥቂት በጥቂቱ ሳይሆን በደንብ ያጠጡት። ከታች በቀዳዳው እስኪወጣ ድረስ በዙሪያው ሁሉ ያፍስሱ፣ እስኪያንጠፈጥፍ ይጠብቁ፣ ከሥሩ ባለው ሳህን የተጠራቀመውንም ከግማሽ ሰዓት በላይ አያቆዩት። በየቀኑ አንድ ሲኒ ውኃ ጠብ ማድረግ ላዩን አርሶ ሥሩን በእኩል አያዳርስም፣ አፈሩም የሚደርቅበት ጊዜ አያገኝም። በጥርጣሬ ላይ ከሆኑ አንድ ሳምንት ይጨምሩ፤ የተጠማ ዚዚ ውኃ ባገኘ ጊዜ ይመለሳል፣ የበሰበሰ ግን አይመለስም።

ስለ ብርሃን አንድ የተለመደ አሳሳች አባባል አለ፤ ይህ ተክል ጨለማ ይወዳል ይባላል። ጨለማን ይችላል እንጂ አይወድም። ብርሃን ባነሰበት ቦታ ለረጅም ጊዜ ሳይሞት ይቆያል፣ ነገር ግን አዲስ ቅጠል ለማውጣት ወራት ይወስዳል፣ የሚያወጣውም የተራራቀ ቅጠል ያለው፣ ሰልካካና ወደ መስኮቱ ያጋደለ ይሆናል። ብርሃኑ ሲያንስ ተክሉ የሚጠጣው ውኃም በዚያው ልክ ስለሚያንስ፣ ጨለማ ጥግ ላይ ያለ ማሰሮ ከሁሉም በላይ ለመበስበስ የተጋለጠ ነው። የሚበጀው ከመስኮት አንድ ወይም ሁለት ሜትር ርቆ፣ ያለ መብራት መጽሐፍ ለማንበብ የሚበቃ ብርሃን የሚያገኝበት ቦታ ነው። የጠዋት ለስላሳ ፀሐይ አይጎዳውም፤ የቀትር ፀሐይ በመስታወት በኩል በቀጥታ ካረፈበት ግን ቅጠሉ ይገረጣል፣ ቡናማ የተቃጠለ ምልክትም ያወጣል። ተክሉ በአንድ ወገን እንዳያጋድል አልፎ አልፎ ማሰሮውን በሩብ ዙር ያዙሩት።

ሙቀቱ ለሰው የሚስማማው ይስማማዋል፤ ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ለረጅም ጊዜ እንዳይቆይ ይጠንቀቁ። ማዳበሪያ አሁን አይስጡት፤ የታመመ ሥር ማዳበሪያን መጠቀም አይችልም፣ ጨውነቱም ያቃጥለዋል። ከስድስት ወር በኋላ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ለቤት ውስጥ ተክል የሚሆን ፈሳሽ ማዳበሪያ፣ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን በግማሽ አቅጥነው፣ በሚያድግበት ወቅት ሁለት ሦስት ጊዜ ቢሰጡት ይበቃዋል። ቅጠሉን አቧራ ሲይዘው በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ዘይትም ሆነ የቅጠል ማብለጭለጫ አይቀቡት፣ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ተባይ ብዙም አያጠቃውም። በቅጠሉና በዘንጉ መገናኛ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካዩ ተባይ ስለሆነ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ይጥረጉት፤ ከአፈሩ ላይ የሚነሡ ደቃቅ ጥቁር ዝንቦች ካሉ ደግሞ አፈሩ እርጥብ እንደሆነ የሚናገሩ ምስክሮች ናቸው።

ስለ ሕፃኑ ደኅንነት የሚከተለውን በጥሞና ያንብቡ። ይህን ተክል መንካት፣ አጠገቡ መተኛት ወይም በክፍሉ ያለውን አየር መተንፈስ ካንሰር አያመጣም። ነገር ግን እንደ አራሴ ቤተሰብ ዘመዶቹ ሁሉ በሰውነቱ ውስጥ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች አሉት። እነዚህ በዓይን የማይታዩ፣ እንደ መርፌ የሾሉ ናቸው፤ ቅጠሉ ሲታኘክ ከንፈርን፣ ምላስንና ጉሮሮን እየወጉ ብርቱ የማቃጠል ስሜትና እብጠት ያመጣሉ። ሕመሙ ወዲያው ስለሚጀምር አብዛኛውን ጊዜ ሕፃን ብዙ ሳይውጥ ይተፋዋል። ይህ ቢደርስ በአፉ የቀረውን ቁራጭ አውጡለት፣ አፉን በንጹሕና እርጥብ ጨርቅ ጥረጉለት፣ ቀዝቃዛ ውኃ አጠጡት፣ እንዲያስመልሰው ግን አታስገድዱት፤ ለሐኪም ደውላችሁም ምክር ጠይቁ። ምላሱ ወይም ጉሮሮው ካበጠ፣ ምራቁን መዋጥ ካቃተው ወይም መተንፈስ ከተቸገረ ጊዜ ሳይባክን ወደ ሕክምና ተቋም ይወሰድ። ጭማቂው ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ይታጠብና ሐኪም ይየው። ውሻና ድመትም በዚሁ መልክ ይጎዳሉ።

ስለዚህ ተክሉን መጣል አያስፈልግም፤ ሕፃኑ የማይደርስበት፣ ግን ተስቦ ሊወድቅ የማይችል ጽኑ ቦታ ላይ ማድረግ ያስፈልጋል። የተተከለበት ማሰሮ ከባድ ስለሆነ በሚወዛወዝ መደርደሪያ ጠርዝ ላይ ማስቀመጥ ከቅጠሉ የባሰ አደጋ ነው። የሚረግፉትን ቅጠሎች ከወለል ላይ በየዕለቱ ያንሡ። እንዲህ ያለ ቦታ በቤትዎ ከሌለ፣ ሕፃኑ ከፍ እስኪል ድረስ ለሚያምኑት ሰው በአደራ መስጠቱ ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል።

አንድ ተጨማሪ ነገር፣ ለመጠባበቂያ ያህል። የማዳኑ ሥራ ቢከሽፍ ተክሉ ጨርሶ እንዳይጠፋ፣ ከጤነኛ ዘንግ ላይ አራት ወይም አምስት ንዑስ ቅጠሎችን ከነግርጌያቸው ቆርጠው፣ ቁስላቸው አንድ ቀን ከደረቀ በኋላ፣ ከታች በኩል ሩባቸው ያህል እንዲቀበር በጥቂቱ እርጥበት ባለው አሸዋማ አፈር ላይ ይትከሏቸው። እያንዳንዷ ቅጠል በጥቂት ወራት ውስጥ ከግርጌዋ ትንሽ ክብ ራይዞም ታበጃለች። ከአፈሩ በላይ አዲስ ቡቃያ እስኪታይ ግን ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ቅጠሏ በመሐሉ ብትደርቅ እንኳ አፈሩን ሳይቆፍሩ አይጣሉት፣ ራይዞሙ ሕያው ሊሆን ይችላልና። በፍጥነት ማባዛት ለሚፈልግ ሰው የሚሻለው መንገድ ተክሉ ጤነኛ ሲሆን ራይዞሞቹን እያንዳንዳቸው ዘንግ እንዲኖራቸው አድርጎ መከፋፈል ነው። የዘንግን ጫፍ በመቁረጥ ግን ቅርንጫፍ እንዲያወጣ ማድረግ አይቻልም፤ ከላይ እንዳልኩት ዘንጉ ቅጠል እንጂ ግንድ ስላልሆነ የተቆረጠው ጫፍ መልሶ አያድግም፣ አዲስ ቅጠል የሚመጣው ከራይዞሙ ብቻ ነው።

ከተከላው በኋላ በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት አንድ ወይም ሁለት ዘንግ ተጨማሪ ቢጫ ቢሆንብዎ አይደንግጡ፤ ቀድሞ ከሞተ ሥር ጋር ተያይዞ የነበረ ሊሆን ይችላል። በዓመት አንድ ጊዜ ያረጀ የውጭ ዘንግ ቀስ ብሎ መድረቁም ተፈጥሮው ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን አዳዲስ ዘንጎች ግርጌያቸው መላም ከቀጠለ፣ ተክሉን እንደገና አውጥተው የቆረጡባቸውን ቦታዎች ይመርምሩ፤ የቀረ ብስባሽ አለ ማለት ስለሆነ ያንኑ የመቁረጥና የማድረቅ ሥራ ይድገሙት። መሐል ላይ ያለው ሐመር አረንጓዴ ቡቃያ ጠንካራ ሆኖ ከቆየ፣ የተያያዘበት ራይዞም ጤነኛ መሆኑ አይቀርም፤ ሌላው ሁሉ ተቆርጦ እሱ ብቻ ቢተርፍም በትንሽ ማሰሮ ለብቻው ይትከሉት።